ኩሽኔታው ደብረ ብርሃን አሳደረን

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው እናቴ ናት። ሰንዳፋንና አለልቱን አልፈን ወደ ሸኖ ስንቃረብ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ይህ መኪናህ ያቃስታል እኮ» አለችኝ። የአስፋልቱ ድምፅ ነው አልኳት። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሰማሁት ሦስት ሳምንት አልፎኝ ነበር። ወጪውን ፈርቼ ሬዲዮ ከፍ እያደረግሁ ነበር የምሸፍነው።

ጊዜው ጥቅምት፣ ቀኑ እሑድ ነው። ከአዲስ አበባ የወጣነው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነበር። ባለ አንድ ጋቢናዋ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ውስጥ ሦስት ሆነን ተደርድረናል፤ እኔ መሪው ላይ፣ የ11 ዓመቱ ልጄ መሃል፣ እናቴ መስኮቱ ጋ። ከኋላ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ ቡናና ስኳር ጭነናል። የምንሄደው ሸዋ ሮቢት ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ታማ ከተኛች ወር ሆኗታል፤ «እህቴን ጥሩልኝ» ብላ ካስደወለች ደግሞ ሁለት ቀን።

ሸኖ ላይ ቆመን ለጋ ቅቤ ገዛን። የሸኖን ቅቤ ሳይዙ ቆላ መውረድ በእኛ ቤት ነውር ነው። እናቴ ዋጋ ስትከራከር እኔ ወረድ ብዬ የፊት ጎማዎቹን መሃል በእጄ ጀርባ ነካ ነካ አደረግሁ። የቀኙ ለብ ብሏል፤ የግራው ያቃጥላል። አሁንም ዝም አልኩ። ጫጫን ካለፍን በኋላ ግን መንገዱ ሜዳ ላይ ቀጥ ሲልና ፍጥነት ስጨምር ማቃሰቱ ወደ ጩኸት ተለወጠ። ወደ ቀኝ ስታጠፍ ክብደቷ ግራው ጎማ ላይ ሲወድቅ ይብሳል፤ ወደ ግራ ስታጠፍ ጋብ ይላል። ልጄ ሳይቀር፣ «አባዬ፣ በግራ በኩል ነው» አለኝ።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የምትበልጥ ደገኛ ናት፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የከተሙባት። መንገደኛ ግን ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ከማሰቡ በፊት ብርዷን ያስባል። ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ መተከሉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ፀሐይ ወጥታ እንኳ ሰዉ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ነበር።

እሑድ በመሆኑ ጋራዦቹ ተዘግተዋል። አንድ የሻይ ቤት ልጅ ከከተማው መውጫ አጠገብ ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መራን። ዕድሜያቸው ከ70 አያንስም። ቁርሳቸውን ትተው ቱታቸውን አጠለቁና መኪናዋን በክሪክ አነሷት፤ ከሥሯም ወፍራም ግንድ አስገቡ። «ክሪክ ሰው ይከዳል፣ ግንድ አይከዳም» አሉ። ከዚያ አንድ እጃቸውን ከጎማው አናት፣ ሌላውን ከሥሩ አድርገው ወዘወዙት። ቋ፣ ቋ አለ። ልጄን ጋቢና ውስጥ አስገብተው ፍሬን እርገጥ አሉት። ፍሬኑ ሲያዝ ቋቋታው ጠፋ።

«አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «ፍሬን ተይዞም ቢነቃነቅ ነገሩ ከመሪው ወገን ነበር። ፍሬኑ ሲይዘው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው።»

ፈቱት። የፍሬኑን እቃ ቱቦው ላይ እንዳይንጠለጠል በሽቦ አሰሩት፤ የመሃሉን ክዳን አንስተው፣ የዳዶውን መቆለፊያ ሽቦ መዘው አወጡ። ውስጡ ያለው ግሪስ መልኩ ጠፍቶ አጓት መስሏል። ሾጠጥ ያሉት ትንንሽ ብረቶች ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ሆነዋል።

«ክረምት ላይ ውኃ ተሻግረሃል?»

ተሻግሬያለሁ። ነሐሴ ላይ የሞላ ወንዝ በድፍረት አቋርጬ ለጓደኞቼ ጉራ ነዝቼበታለሁ። የጋለ ጎማ ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃውን በላስቲኩ በኩል ይስባል። ውኃው ግሪሱን ያበላሻል፤ ዝገቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ቀኙንም ፈትተው አዩት። እንደ ግራው አልከፋም፣ ግን ጀምሮታል።

«በዚህ ጣርማ በርን አትወርዷትም» አሉ።

ሮቢት የቀራት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዝግታ ብነዳ፣ እያረፍኩ ብወርድ እያልኩ መከራከር ጀመርኩ። የታመመች አክስቴን ነገርኳቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ጎማ እንደሚመጣ፣ የፍሬኑ ግለት ሲጨመርበት የተረፈው ግሪስ ቀልጦ እንደሚፈስ፣ ያኔ ኩሽኔታው ወይ እንደሚነክስ ወይ እንደሚበተን በእርጋታ አስረዱኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ «እትዬ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አሉ።

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። «እህቴን ላያት ነው የወጣሁት፤ እንድታለቅስልኝ አይደለም። እናድራለን» አለች።

ኩሽኔታ ፍለጋው ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ባለሱቅ ከቤቱ ተጠርቶ መጣና በሚያምር ካርቶን የታሸገ አወጣልን። ሽማግሌው ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ቀለሙ ለቀቀ። ኦርጅናል ቁጥሩ የሚቀረጸው ብረቱ ላይ ነው አሉና በትህትና መለሱለት። የአሮጌውን ቁጥር አጽድተው አነበቡልኝ፤ እኔም አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ደወልኩ። ሶማሌ ተራ ሰኞ ሲከፈት ገዝቶ ላምበረት መናኸሪያ ለሚነሳ ሚኒባስ ሾፌር ሊሰጥልን ተስማማን። የውስጡንም የውጪውንም፣ ቀለበታቸውንም ላስቲካቸውንም፣ ለሁለቱም ጎማ።

ማታ ከሆቴሉ የአጥንት ሾርባ ቀረበልን። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሲሆን ደግሞ ሁለትም አይበዛም። ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን ተኛን። መብራቱ ከጠፋ በኋላ እናቴ ለልጄ ማውራት ጀመረች። ልጅ ሳለች፣ ከእህቷ ጋር በትሬንታ ኳትሮ መኪና፣ እህል ጆንያ ላይ ተቀምጠው ከሮቢት ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ጣርማ በር ዋሻ ደረሱ። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ጣሊያን ያስፈለፈለው ዋሻ ነው። ማንም አላስጠነቀቃትም። ድንገት ቀኑ ሲጨልም መሬት የዋጠቻት መስሏት ጮኸች። እህቷ ጭንቅላቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ «አይዞሽ፣ አሁን ይነጋል» አለቻት። «እሷ ራሷ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች» አለች እናቴ። ይህን ታሪክ እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሰኞ እኩለ ቀን ሲሆን ኩሽኔታው ደረሰ። ሽማግሌው ልጄን ረዳት አደረጉት፤ እኔ ሻይ አመላላሽ ሆንኩ። አሮጌዎቹን ቀለበቶች አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን እየመቱ አስወጡ። አሮጌ ቀለበት ውስጥ አዲስ ኩሽኔታ መግጠም አሮጌውን በሽታ ለአዲሱ ማስተላለፍ ነው አሉን። ውስጡን በናፍጣ አጥበው አደረቁ። አዲሶቹን ቀለበቶች በቀስታ ሲያስገቡ ልጄን፣ «ድምፁን ስማ» አሉት። የመዶሻው ምት መጀመሪያ ይደነቁራል፤ ቀለበቱ ቦታውን ሲይዝ ጥርት ይላል። «ገባ!» ብሎ የጮኸው ልጄ ነው።

ግሪስ መሙላቱን ለእሱ ተዉለት። መዳፉ ላይ ግሪስ አደረጉለት፤ ኩሽኔታውን ጫፍ ጫፉን ወደ መዳፉ እየጫነ፣ ግሪሱ በሌላው ወገን እስኪወጣ ድረስ። ሲቀባ ያየ ሰው ከላይ ቢያብስ በቂ ይመስለዋል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ጎማውን የሚይዘውን እያሽከረከሩ ዳዶውን አጠበቁ፣ መልሰው አላሉት፣ እንደገና በትንሹ አጠበቁትና በአዲስ ሽቦ ቆለፉት። ከጠበቀ ይቃጠላል፣ ከላላ ይወላገዳል።

ልጄ አሮጌዎቹን ኩሽኔታዎች ለጋሪ ለመናቸው። ሽማግሌው ሳቁ። «እነዚህ ቀለበታቸው ይለያያል፤ ጋሪ ላይ ይበተኑብሃል» አሉና ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የሌላ መኪና ባለ ድቡልቡል ኩሽኔታ ሦስት መርጠው ሰጡት። እኔም በልጅነቴ በእንዲህ ዓይነት ጋሪ ቁልቁለት ወርጄ ጉልበቴን የላጥኩት ትዝ አለኝ። አልነገርኩትም።

ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር። ዋሻው ውስጥ ስንገባ መብራት አበራሁና ሬዲዮውን ዘጋሁ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። እናቴ የልጄን እጅ ይዛለች፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና አላውቅም። ከወጣን በኋላ በሁለተኛ ማርሽ እየተጠማዘዝን ወረድን። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጡ ልጆች ከበቡን። ወርጄ የግራውን ጎማ መሃል ነካሁት፤ ልክ እንደ ቀኙ ለብ ያለ ነው። እናቴም ወርዳ ነካችው። የበሽተኛ ግንባር እንደሚዳሰስ ነው የዳሰሰችው።

ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ጋቢያችንን አስወለቀን። አክስቴ አልጋዋን ከደጅ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር አስወጥታ ትጠብቀን ነበር። ከስታለች፤ ድምፅዋ ግን ያው ነው። ሁለቱ ተቃቅፈው ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም። አራት ቀን አብረናት ቆየን። በሁለተኛው ቀን ልጄና የአክስቴ የልጅ ልጆች ከጣውላ ጋሪያቸውን ሠርተው በግቢው ሲሚንቶ ላይ ያንኳኩት ጀመር።

አክስቴ ከትራሷ ቀና ብላ፣ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው የሚያቃስተው?» አለች።