ከቅርብ ሰው ጋር የሚጻፍ ውል

ልጄ፣ ባሕር ዳር ላይ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ልትከፍቺ፣ ለጣና ዳር ሎጆችና ለከተማዋ አዳዲስ ሕንፃዎች በርና መስኮት ልትሠሪ መሆኑን ስሰማ ልቤ ሞልቷል። ስለ ብየዳው፣ ስለ ላሜራውና ስለ ቱቦላሬው ጥራት ለአንቺ የምነግርሽ የለኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ክስ ነው። ነጋዴን ፍርድ ቤት የሚያመላልሰው አጭበርባሪ ደንበኛ ይመስለናል። እኔ በዚህ አልስማማም። አጭበርባሪውን ሰው ከሩቁ ይጠረጥረዋል፤ ያስፈርመዋል፣ ሒሳቡን ሳይቀበል ዕቃ አያስረክበውም። ሳይጻፍ የሚቀረው ከምናምነው ሰው ጋር ያደረግነው ስምምነት ነው፤ ከአክስት ልጅ ጋር፣ ከጎረቤት ጋር፣ አብሮን ከተማረ ሰው ጋር። ውል መጻፍን ከማታውቂው ሰው ሳይሆን ከቅርብሽ ሰው እንድትጀምሪ የምለምንሽ ለዚህ ነው።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ሰውን ያዘናጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1719 ላይ፣ ሕግ በተለይ ካላዘዘ በቀር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም ይላል። ስለዚህ በቃል የተስማማሽው አብዛኛው ነገር በሕግ ፊት ውል ነው። ይህን የሰማ ሰው "እንግዲያው ለምን እደክማለሁ?" ይላል። ነገር ግን ያው ሕግ ትንሽ ነጋዴ በየቀኑ የሚገባባቸውን ነገሮች እየለየ በጽሑፍ እንዲሆኑ ያዛል። ብድርን ተመልከቺ። በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ከአንድ ቀን አስቤዛ አያልፍም፤ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም። ለአክስትሽ ልጅ 80,000 ብር በሦስት ሰው ፊት ቆጥረሽ ብትሰጪውና ቢክድሽ፣ ሦስቱም ሰዎች ቀርበው ልመስክር ቢሉ ምስክርነታቸው ለብድሩ ማስረጃ አይሆንም። "በባንክ ነው ያስተላለፍኩት፤ ደረሰኙ አለ" ትዪኝ ይሆናል። ደረሰኙ ገንዘብ ከአንቺ ወደ እሱ መሄዱን ያሳያል እንጂ ብድር ይሁን፣ የድሮ ዕዳ ክፍያ ይሁን፣ ስጦታ ይሁን አይናገርም።

ዋስትናም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ዋስ የሚሆን ሰው ምንም ሳይወስድ ዕዳ ውስጥ ይገባል። ቁጥር 1922 የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልገለጸ ዋጋ የለውም ይላል። ለሌላ ሰው ዋስ ሁኚ ስትባዪ መጀመሪያ የምትፈልጊው ያንን ቁጥር ነው። ቀጥሎ "በአንድነትና በነጠላ" የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን እዪ። ካለ፣ አበዳሪው ዋናውን ባለዕዳ ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ አንቺ ሊመጣ ይችላል። በክልላችን አማራ ብድርና ቁጠባ ይባል የነበረውና ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው ተቋም ለረጅም ዓመታት በቡድን ዋስትና ሲያበድር ስለኖረ፣ ዋስ መሆን በእኛ አገር እንደ ጉርብትና ግዴታ ይታያል። ጉርብትናውን አልነቅፍም፤ የፈረምሽው ግን ምን እንደሆነ እወቂ። ጽሑፉ በተዋዋዮቹ ሁሉ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ እንዳለበትም አትርሺ፤ ቁጥር 1727 የሚጠይቀው ይህንን ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በአውራ ጣቱ ቢፈርምልሽ፣ ባለሥልጣን ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም።

አሁን የምትዪኝን አውቃለሁ። "ዘመዴን ፈርም ብለው አላመነችኝም ብሎ ይቀየመኛል፤ እኛ እኮ በቃላችን የምናድር ሰዎች ነን" ትዪኛለሽ። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ሰው ከሰው የሚኖረው በመተማመን ነው። ነገር ግን አያቶቻችን በባዶ ቃል ይነግዱ ነበር የሚለው ልክ አይደለም። በሬ ሲሸጥ እማኝ ይቆማል፤ ሻጩ በሬው የተሰረቀ እንዳልሆነ ዋስ ይጠራል። ማንም በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም ዋስ መጥራት ያቃተው ሰው ነው የሚጠረጠረው። ዕቁብን ደግሞ ተመልከቺ። ከዕቁብ የበለጠ መተማመን የሚጠይቅ ነገር የለም፤ ሆኖም ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው፤ ዕጣ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ሳያቀርብ ብሩን አያነሳም። ወዳጅ ከወዳጅ ጋር እንዲህ ያደርጋል፤ ወዳጅነቱም ይቀጥላል። መጻፍ ከባህላችን ውጭ የመጣ ነገር ቢመስልም፣ እማኝና ዋስ ይሠሩት የነበረውን ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ ቅን ሰዎችም ይጣላሉ። አንዱ "በሦስት ወር እመልሳለሁ ብያለሁ" ይላል፣ ሌላው "በአንድ ወር" ይላል፤ ሁለቱም አይዋሹም፤ የሚያስታውሱት ነው የተለያየው። ሰውም ይሞታል። የአክስትሽ ልጅ ነገ ቢያልፍ፣ ቃሉን የማያውቁት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው ከአንቺ ጋር የሚቀሩት። ያን ቀን ወረቀት ከሌለ ጥሉ ከሟቹ ጋር ሳይሆን ከሐዘንተኞች ጋር ይሆናል።

ስለ ሎጆቹ ሥራ ደግሞ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፤ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ሎጅ አርባ በርና ስልሳ መስኮት አዘዘሽ እንበል፤ ዋጋው ተቆርጧል፣ ማስረከቢያው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብረት ከውጭ የሚገባ ነውና ቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ የተዋዋለ ሰው ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ገባ። ሕጉ ይራራለት ይሆን? አይራራም። ቁጥር 1764 የአፈጻጸሙ ሁኔታ ተለውጦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል፤ ቁጥር 1794 ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመርና መቀነስ ከአቅም በላይ ኃይል እንደማይባል በስም ጠቅሶ ያስቀምጣል። ዳኛው ቢያዝንልሽ እንኳ እጁ የታሰረ ነው። መፍትሔው ከመፈረምሽ በፊት የሚጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የብረት ዋጋ በውሉ ቀን ከነበረው ከዚህን ያህል በመቶ በላይ ከጨመረ ዋጋው በዚህ ስሌት ይስተካከላል የሚል።

የመንገዱንም ነገር አስቢ። ቁጥር 1793 የእርስ በርስ ጦርነትንና የመንግሥትን ክልከላ ከአቅም በላይ ኃይል ሊሆኑ ከሚችሉት መካከል ይቆጥራቸዋል። ብዙ ነጋዴ በዚህ ይተማመናል። ሕጉ ግን ነገሩ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል እንዲሆንም ይጠይቃል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል፤ እና ዛሬ ተዋውለሽ ነገ "መንገድ ተዘግቶብኝ ነው የዘገየሁት" ብትዪ፣ ዳኛው "ስትዋዋዪ ይህ ሊሆን እንደሚችል አታውቂም ነበር?" ብሎ ቢጠይቅሽ ምን ትመልሻለሽ? የለመድነው ችግር ሰበብ ሆኖ አያድነንም። ስለዚህ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት በማስረከቢያው ጊዜ ውስጥ እንደማይቆጠሩ በግልጽ ይጻፍ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ከደንበኛ ቀድመሽ ብር ስትቀበዪ ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" ብለሽ አትጻፊ፤ "ቅድሚያ ክፍያ" በዪ። በቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። 50,000 ብር ቀብድ የተቀበለች ሴት ሥራው ከአቅሟ በላይ ሆኖባት ብትተወው 100,000 ብር ትከፍላለች። ይህን የሚያውቅ ደንበኛ ያችን አንዲት ቃል ይዞ ይመጣብሻል።

"ትልልቆቹ ባለሎጆች የራሳቸውን ውል ነው የሚያመጡት፤ ፈርሚ ወይም ተዪው ይሉኛል፤ እኔ ምን አቅም አለኝ?" ካልሽ፣ እውነትሽን ነው፤ ሁሉንም አንቀጽ ማስቀየር አትችይም። ግን ከዋጋው፣ ከማስረከቢያው ቀንና ለመዘግየት ከሚጣለው መቀጫ በቀር ሌላውን ብትተዪው ብዙ አትጎጂም። እነዚህን ሦስቱን የማይቀበል ሰው ካጋጠመሽ አደጋውን ዋጋው ውስጥ አስገቢው፣ ወይም ትዕዛዙን ከፋፍለሽ ውሰጂ፤ አሥር በር ሠርተሽ፣ ተከፍሎሽ፣ ከዚያ ሌላ አሥር። ለአፈጻጸም ዋስትና ብለው ቼክ ፈርመሽ እንድትሰጪ ከጠየቁሽ ግን በምንም መንገድ አትስማሚ። ቼክ ባንክ በቀረበበት ቀን የሚከፈል ሰነድ ነው፤ "ለመያዣ ብቻ ነው" የሚለው የቃል ስምምነት አያድንሽም። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እስር ያስከትላል። የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የነበረው በአንድ ፊርማ ወንጀል ይሆናል።

ስለ ሠራተኞችሽ አጭር ልሁን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጽሑፍ ላልተዋዋልሽው ሠራተኛ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ እንድትሰጪው ያዝዛል። በየጊዜው ቢያረፍድ፣ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ካላረፈደና በጽሑፍ ካላስጠነቀቅሽው በዚያ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ልታሰናብቺው አትችይም። ተናደሽ "ከነገ ጀምሮ አትምጣ" ያልሽው ቀን ክሱን ራስሽ ጀመርሽ ማለት ነው። ዓይኑ ላይ ፍንጣሪ ቢገባበት ደግሞ ጥፋት አለብሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም፤ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪ ያለ ጥፋቱም ኃላፊ ነው። መነጽሩን ግዢለት፤ ማድረጉንም ተከታተዪ።

አንዳንዱ ሰው "ፍርድ ቤቱ ዓመታት ይፈጃል፤ በሽማግሌ ይሻላል" ይላል። እኔም ሽማግሌን አስቀድማለሁ። ነገር ግን ሽማግሌ የጨረሰው ነገር ካልተጻፈ አልተጨረሰም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ግልግል ስምምነት ሲናገር፣ ተዋዋዮቹ በመካከላቸው ያደረጉት ስምምነት ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይጸናል ይላል። ሽማግሌዎቹ ሲያስታርቋችሁ እዚያው ጻፉት፣ ፈርሙበት፣ እነሱም እማኝ ይሁኑ። ክስ ከመጣ ደግሞ መጥሪያን ፈጽሞ አትናቂ። "ሐሰት ነው፤ እሱ ራሱ ያፍራል" ብሎ የቀረ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ እውነት ከእሱ ጋር ቢሆንም የሚሰማው የለም። በሌለሽበት ተፈርዶብሽ ከሆነ፣ ፍርዱን ባወቅሽ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያትሽን አቅርበሽ እንዲነሳ ማመልከት አለብሽ፤ ያ ወር ካለፈ በሩ ይዘጋል።

በመጨረሻ፣ የ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ሥራው ሲሰፋ እሱን አስቢበት፤ የሥራው ዕዳ ከቤትሽ እንዲለይ ያደርጋል። ለማኅበሩ ብድር አንቺ በግልሽ ዋስ ሆነሽ ከፈረምሽ ግን ያ ጥበቃ በዚያ ዕዳ ላይ አይሠራም።

የሎጁ ውል በእጅሽ እንዳለ ነግረሽኛል። እባክሽ ገና አትፈርሚ። ዋጋውን፣ ቀኑንና መቀጫውን የያዙትን አንቀጾች አስምሪባቸው፤ ይዘሽም ጠበቃ ዘንድ ሂጂ። የአንድ ሰዓት የምክር ዋጋ ከአንድ መስኮት አይበልጥም። ለአክስትሽ ልጅ ማበደርሽንም አውቃለሁ፤ እሱንም በዚህ ሳምንት አጻፊው፤ እናቴ ናት ያዘዘችኝ በዪው።

እናትሽ