ምሰሶ ቆጣሪዎቹ

አንድ ነገር ልናዘዝ። ላለፉት ሦስት ዓመታት ገደማ ሥራ በጠፋበት ሌሊት ሁሉ ስልኬን ይዤ የምከታተለው ፖለቲካ አልነበረም፣ ኳስም አልነበረም። ሳዑዲ አረቢያ በረሃ ላይ የሚሠራ አንድ ሮለር ኮስተር የት ደረሰ እያልኩ ነበር። የሚገርማችሁ ከፍታ አልወድም። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ቡና መጠጣት የሚከብደኝ ሰው ነኝ።

ስሙ ፋልኮንስ ፍላይት ነው። ከሪያድ ወጣ ብሎ፣ ቂዲያ በተባለ አዲስ የመዝናኛ ከተማ፣ ሲክስ ፍላግስ ፓርክ ውስጥ። በ2019 ሲታወጅ በ2023 ይከፈታል ተባለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ዕቅዱን ስታነቡት ቀልድ ይመስላል፦ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሐዲድ፣ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር፣ ከጡዌቅ ገደል አፋፍ ቁልቁል የሚወረወር ባቡር። እስከዚያ የፍጥነቱን ክብረ ወሰን የያዘው ከ2010 ጀምሮ አቡ ዳቢ የሚሠራው ፎርሙላ ሮሳ ነበር፤ 240።

2023 መጣ፣ ሄደ። አልተከፈተም። 2024ም እንዲሁ።

ስለ ባሕረ ሰላጤው ግንባታዎች አንድ ጽሑፍ ታዝዤ መረጃ ስለቃቅም ነው የእነዚህን አፍቃሪዎች ክርክር ያገኘሁት። ጽሑፉን ከጨረስኩ በኋላም መውጣት አቃተኝ። አንዱ የሳተላይት ፎቶ ያመጣል። ሌላው ካለፈው ወር ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ምሰሶ ይቆጥራል። ሦስተኛው ተነስቶ ‹‹ያ የቆመ ሐዲድ አይደለም፣ መሬት ላይ ተደርድሮ ተራውን የሚጠብቅ ነው፤ ጥላውን እዩት›› ብሎ ይከራከራል። ክሬኑ ከቦታው ከተነቃነቀ ዜና ነው። ካልተነቃነቀም ዜና ነው።

አንድ ቀን አንዱ ተበሳጨ። ወሩ ጁላይ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ በተነሳ ቪዲዮ አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይም፣ ምን ሆነው ነው ይላል። ሌላው መለሰለት፦ ሳዑዲ ውስጥ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉ የብረት ቆጠራ መሃል ብረቱን ስለሚያነሱት ሰዎች ሲወራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የሪያድን ፀሐይ የሚያውቁ ዘመዶች አሉኝና ትንሽ ቆጨኝ።

ደግሞ ሁሉም ችኩል እንዳይመስላችሁ። መዘግየቱን የሚከላከሉ አሉ፣ የሚያነሱት ማስረጃም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ኦሃዮ ያለው ቶፕ ትሪል 2። በሜይ 2024 በታላቅ ድግስ ተከፈተ፣ ሳምንት ገደማ ሠራ፣ ባቡሮቹ ላይ ችግር ተገኝቶ ተዘጋ። ሰው እንደገና የተሳፈረበት በዓመቱ ነው። ‹‹ይህን ነው የምትፈልጉት?›› ይላሉ። በሌላ በኩል በፌብሩዋሪ 2025 ኒው ጀርሲ ውስጥ 139 ሜትር ቁመት የነበረው ኪንግዳ ካ በፈንጂ ሲፈርስ አንዳንዶቹ የእውነት አዘኑ። አሮጌው ሄደ፣ አዲሱ ገና ነው።

ከእነሱ የተማርኩት ትልቁ ነገር ግን ስለ መቶኛ ነው። ሐዲዱ ዙሩን ገጥሞ ሲዘጋ አላዋቂው እልል ይላል። አዋቂዎቹ አይሉም። ገና ባቡሩን የሚያስወነጭፉት ሞተሮች አሉ፣ ኤሌክትሪኩ አለ፣ ፍሬኑ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ውኃ የተሞሉ አሻንጉሊቶችን በሰው ቦታ አስቀምጦ ባዶውን መቶ ጊዜ መመላለስ አለ። ለዓይን የሚታየው ክፍል ቶሎ ያልቃል፣ የማይታየው ይጎትታል። ስለዚህ እዚያ ገብታችሁ ‹‹80 በመቶ ደርሷል›› ብትሉ ወዲያው ትጠየቃላችሁ፦ የምኑ 80 በመቶ?

እዚህ ላይ እቴቴ ትመጣለች። አክስቴ ናት፣ ያሳደገችኝ። በአንድ የቤት ፕሮጀክት ተመዝግባ ከጡረታዋ እየቀነሰች በየወሩ ትቆጥባለች። አንድ ምሽት ራት ላይ ስልኬ ላይ ተተክዬ አየችኝና ምን እንደማይ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፣ ፎቶዎቹንም አሳየኋት።

‹‹እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ከፍለውበታል?››

‹‹ኧረ ምንም፣ እቴቴ።››

‹‹ታዲያ ምን አገባቸው?››

‹‹ይወዱታላ።››

ጥቂት ዝም አለች። ‹‹የኔንስ ቤት እንዲህ የሚቆጥረው ማን ይሆን?›› አለች፤ ማንንም ለመውቀስ አልነበረም፣ እንጀራዋን እየቆረሰች ነው።

እሷ አታውቅም እንዳልል ታውቃለች። የዛሬ አምስት ዓመት ስለዚያው ፕሮጀክት ዜና የጻፍኩት እኔ ነኝ። ርዕሱ ላይ 80 በመቶ ይላል። ቦታው አልሄድኩም። ደወልኩ፣ አንድ ኃላፊ ቁጥሩን ነገሩኝ፣ ሥራው ‹‹በመፋጠን ላይ›› ነው አሉ፣ ጻፍኩ፣ በሁለተኛው ቀን ተከፈለኝ። ለነጻ ጋዜጠኛ የታክሲም ሆነ የአንድ ቀን ሥራ ወጪ የሚሸፍን አዘጋጅ የለም፤ ይህን የምለው እንደ ሰበብ ነው፣ ሰበብ መሆኑንም አውቃለሁ። የምኑ 80 በመቶ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። የግድግዳው? የውኃው መስመር? የፍሳሹ? ጥያቄው ለመጠየቅ ሳንቲም አይፈልግም ነበር። እቴቴ ያንን ጋዜጣ ቆርጣ ከቁጠባ ደብተሯ ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ አጥፋ አስቀምጣዋለች። የኔ ልጅ ጻፈው እያለች ለጎረቤት ታሳየው ነበር። አሁን አሁን አታሳይም።

ፋልኮንስ ፍላይት ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ተከፈተ። 195 ሜትር ከፍታ፣ 4,250 ሜትር ርዝመት፣ 250ውም እንደተባለው። የመጀመሪያዎቹን ቪዲዮዎች አብረን አየን፤ ባቡሩ አፋፉ ላይ ሲደርስ እቴቴ በነጠላዋ ዓይኗን ሸፈነች። ቆጣሪዎቹ ደስታቸው ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ወደ ሌላ ያላለቀ ሐዲድ ዞሩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለታችን ወደ ቦታው ሄድን። ሁለት ታክሲ፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ። ዘበኛው መጀመሪያ አላስገባም ብሎ ነበር፣ እቴቴ አባባ ብላ አናገረችው፣ ከአጥሩ ውጭ ዞር እያልን እንድናይ ፈቀደልን። ደብተር ይዤ ነበር። ከአጥሩ የሚታዩት ዘጠኝ ብሎኮች ናቸው። ሰባቱ ጣራ አላቸው፣ መስኮት የገባላቸው ሦስት ናቸው፣ ወደ ግቢው የሚገባ የመብራት ምሰሶ አላየሁም። እቴቴ እየጠቆመች፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜ ቆጠርን።

ቀኑን ጻፍበት አለችኝ። ጻፍኩበት። በሚቀጥለው ወር እንመለሳለን።