ያላለቀው ቤታችን በፔትዎርዝ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ፔትዎርዝ የሚባል ሰፈር አለ። ብዙዎቹ ቤቶች በጡብ የተሠሩ ናቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቆመዋል። በአንዱ ቤት ምስማር ሲመታ የጎረቤቱ ግድግዳ ይሰማዋል። ከፊት ለፊት በረንዳ አላቸው። ማታ ማታ ሰው በረንዳው ላይ ተቀምጦ መንገደኛውን ሰላም ይላል። እኔና ባለቤቴ ሰፈሩን የወደድነው ለዚህ ነው። ያደግሁበትን የጉለሌ ደጃፍ ያስታውሰኛል።

ቤታችን የተሠራው በ1920ዎቹ ነው። በግንቦት ወር ስንገዛው የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ኩሽናው አርጅቷል፣ መታጠቢያ ቤቱ ያፈሳል፣ የመስኮቶቹ ቀለም ተላልጧል። ዋጋው ለእኛ አቅም የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። "እስከ ኅዳር አድሰን እንጨርሳለን" አልን። ልጁ የሚወለደው በኅዳር ነበር። እናቴ ደግሞ ልታርሰኝ በጥቅምት ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ገበሬ መሬት ያርሳል እንላለን፤ ይህኛው "ማረስ" ግን ሌላ ነው። የወለደችን ሴት ማብላት፣ ማጠብና ማሳረፍ ማለት ነው።

በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜ፣ ባለቤቴ ለልጁ የመረጥነውን ክፍል መስኮት በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ጀመረ። ለሠራተኛ የምንከፍለውን ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ነው። እኔም መጥረጊያ ይዤ ከሥሩ እጠርግ ነበር። አቧራው በፀሐዩ ብርሃን ውስጥ እንደ ዱቄት ይበናል። ደስ ብሎኝ ነበር። ለልጄ ቤት እያዘጋጀሁ ነበራ!

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ልረፍ ብዬ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ጎረቤታችን አሮጊት ሴት ናቸው፤ በዚያ መንገድ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ ኖረዋል። ሆዴ ገና ባይገፋም ማርገዜን ነግሬያቸው ነበር። ፀጉሬ ላይ ያለውን አቧራ አይተው ደነገጡ። "ልጄ፣ ያ አሮጌ ቀለም ምን እንዳለበት ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አላወቅሁም። "እርሳስ አለበት" አሉ።

እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፤ ሊድ የሚባለውን ከባድ ብረት ነው። ድሮ ቀለም እንዲጠነክርና ቶሎ እንዲደርቅ ይጨመርበት ነበር። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የከለከለችው በ1978 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በተሠሩ ብዙ ቤቶች፣ በአዲሱ ቀለም ሥር አሮጌው ተደብቆ ይገኛል። ሳይነካ ከተቀመጠ ብዙ አይጎዳም። ሲፋቅ ግን አቧራ ይሆናል። እናት ያንን አቧራ ስትተነፍስ ወይም ሳታውቅ ስትውጥ እርሳሱ ወደ ደሟ ይገባል፤ ከደሟም ወደ ጽንሱ ያልፋል። የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ነው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሐኪሜ ጋ ሄድኩ፤ ደም ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ቀን ጠበቅን። ባለቤቴ በእነዚያ ቀናት ብዙ አልተናገረም። አንድ ሌሊት ስነቃ አጠገቤ የለም። ደረጃው ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። "በእነዚህ እጆች ነው የፋቅሁት" አለኝ። እኔም መጥረጊያውን የያዝኩት በራሴ እጅ ነበር። ጎን ለጎን ተቀመጥን እንጂ አንዳችን ሌላውን አልወቀስንም።

ሐሙስ ዕለት ነርሷ ደወለች። መጠኑ ዝቅተኛ ነው አለችኝ። ነገር ግን ሥራው እስኪያልቅ ከቤቱ እንድወጣ፣ ካልሲየምና ብረት ያላቸውን ምግቦች እንድበላ መከረችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ያን ቀን ማታ ልብሴን ይዤ ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ። አክስቴ የምትኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከፔትዎርዝ ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ወደ ሰሜን መሄድ ብቻ ነው፤ መንገዱ በቀጥታ እዚያ ያደርሳል። ስድስት ሳምንት ጎመንና እርጎ እያበላች አኖረችኝ።

ሠራተኛ መፈለግም ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ያነጋገርነው ኮንትራክተር "የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ አትጨነቁ" አለን። የምስክር ወረቀቱን ስንጠይቀው ግን አልነበረውም። ከ2010 ጀምሮ፣ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ በክፍያ ቀለም የሚነካ ድርጅት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው ወረቀቱን ሳንጠይቀው አሳየን። ሠራተኞቹ በሩን በፕላስቲክ ሸፈኑ፤ ቀለሙን ከመፋቃቸው በፊት በውኃ አራሱት፤ በመጨረሻም ክፍሉን በልዩ ቫኪዩምና በእርጥብ ጨርቅ አጸዱ። ከወለሉና ከመስኮቱ ደፍ ላይ የተጠረገ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። ንጹሕ መሆኑ እስኪነገረን ድረስ እኔ ከእግረኛው መንገድ አላለፍኩም። ጎረቤታችን በረንዳቸው ላይ ወንበር ያወጡልኝ ነበር።

የውኃውንም ነገር አጣራን። በዲሲ አንዳንድ አሮጌ ቤቶች ከመንገድ ውኃ የሚያስገባው ቧንቧ ራሱ ከእርሳስ የተሠራ ነው። ባለቤቴ ምድር ቤት ወርዶ ቧንቧውን በሳንቲም ጫር አደረገው። የእርሳስ ቧንቧ ለስላሳ ነው፤ ሲጫር ብርማ ሆኖ ያበራል። የእኛ ግን እንደ ሳንቲሙ ቀላ። መዳብ ነበር።

በነሐሴ ወደ ቤት ስመለስ ገንዘባችን አልቆ ነበር። ኩሽናው ፈርሷል፤ አዲሱ አልተሠራም። ለእናቴ ደውዬ "እማዬ፣ ምን ላይ ልታበስይ ነው? ቤቱ እኮ አላለቀም" አልኳት። ሳቀች።

"አንቺን እርጉዝ ሳለሁ አያትሽ ግድግዳውን ታስለስን ነበር። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፣ በእግር ይረገጣል፣ ሳምንታት ይቆያል። አንቺ ስትወለጂ አንደኛው ግድግዳ ገና አልደረቀም። አልጋዬን ወደ ደረቁ ግድግዳ አስጠጉት፤ በቃ። ቤት መቼም አያልቅም፤ ልጅ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።"

ያን ማታ ከባለቤቴ ጋር ወረቀት አውጥተን ለሁለት ከፈልነው። በአንድ በኩል "ከልጁ በፊት" ብለን ጻፍን፦ ንጹሕና ሞቃት ክፍል፣ የማያፈስ መታጠቢያ ቤት፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ። በሌላው በኩል "ከልጁ በኋላ" አልን፦ ኩሽና፣ ወለል፣ የሳሎን ቀለም። ሁለተኛው ዝርዝር ረጅም ነበር። ግን ከሰኔ ወዲህ ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተኛሁ።

እናቴ በጥቅምት መጣች። ሻንጣዋን ሳትፈታ ወደ ልጁ ክፍል ገባች፤ መዳፏን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳለፈችና አየችው። አቧራ የለም። "ጥሩ ነው" አለች። ልጃችን በኅዳር ሲወለድ ገንፎውን ያገነፋችው ሳሎን ውስጥ፣ ወንበር ላይ በተቀመጠች ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ነው። መሀሉን ጎድጉዳ ቅቤና በርበሬ ሞላችበት። ጎረቤታችንም መጥተው ቀመሱ፤ በርበሬው አስነጠሳቸው።

እናንተም በአሮጌ ቤት ልጅ የምትጠብቁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቤቱ መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። ቀለሙ ሳይመረመር አትፋቁ። የሠራተኛውን የምስክር ወረቀት እዩ፤ ነፍሰ ጡሯም ሥራው እስኪያልቅ ሌላ ቦታ ትረፍ። የቀረውን ቀስ ብላችሁ ትደርሱበታላችሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

ልጃችን አሁን መዳህ ጀምሯል። የኩሽናው ቁም ሳጥን ዛሬም በር የለውም። ድስቶቹን አንድ በአንድ እያወጣ ወለሉ ላይ ይደረድራቸዋል።