ጎንደርን ለማየት

አውቶቡስ ተራ ለእኛ ለተክለ ሃይማኖት ሰዎች ጓሯችን ማለት ነው። ጎንደር ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ልጆቼን የፋሲልን ግንብ ላሳያቸው አስቤ የቤተሰብ ስብሰባ ጠራሁ። ታላቅየው በቴሌቪዥን ያያቸውን የፈረንሳይ ግንቦች በስም ይደረድራል። እውነትም፣ አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ የፈረንሳዩ ሻምቦር ከተጀመረ መቶ ዓመት አልፎት ነበር። ግን የፈረንሳዮቹን ለማየት ከመንደር መንደር መዞር ነው። የኛዎቹ ነገሥታት ልጅ ባባቱ ጎን የየራሱን ሠርቶ በአንድ ቅጥር ግቢ ተሰብስበውልናል።

«በመኪና ነው ባውሮፕላን?» አለች ባለቤቴ። ወሬው እዚህ ላይ ቆመ። ስንቴ የተመላለስኩበት የዓባይ በረሃ መንገድ፣ በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ውጊያው ከተነሳ ወዲህ፣ ልጅ ይዞ የሚገባበት አልሆነም፤ እገታው ያስፈራል። ያውሮፕላኑ ትኬት ደግሞ ለአምስት ሰው ሲባዛ የወራት ደመወዜን ይጠይቃል።

ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎንደሬዋ ጎረቤታችን ዝም ብለው ሲሰሙን ቆዩና፣ «እናንተስ ግንብ አምሯችሁ ነው። እኔ የእህቴን ለቅሶ አልደረስኩም» አሉ።

ግንቡስ 400 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይቆየናል። ለቅሶ ግን አይቆይም።