ውሃ የማያጠራው እድፍ

እኛ ቤተ እስራኤሎች፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ በንጽሕና ሕግ አንታማም። ጎንደር ሳለን እናቴ የወር አበባዋ ሲመጣ ከመንደሩ ዳር ወዳለችው የመርገም ጎጆ ትሄድና ሰባት ቀን ትቀመጥ ነበር። ጎጆዋ ዙሪያዋን በድንጋይ የተከበበች ናት፤ ምግብ የሚያደርስላት ሰው ከድንጋዩ አያልፍም። ሰባቱ ቀን ሲሞላ ልብሷን አጥባ፣ ወንዝ ወርዳ ገላዋን ነክራ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ቤቷ ትገባለች። ወንድ የወለደች አርባ፣ ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን ነበር የምትቆየው። አያቴ ደግሞ ገበያ ውላ ስትመለስ ሳትታጠብ ደጃፏን አትረግጥም፤ ከሌላ እምነት ሰው ጋር ተነካክታለችና። ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» ይሉን የነበረው በዚህ ነው።

እነሱም ይሸሹን ነበር። ርስት ስላልነበረን ወላጆቻችን የሰው መሬት እያረሱ፣ ወንዶቹ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ እየሠሩ ኖሩ። ማረሻውን ከእኛ የገዛ ገበሬ «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ብሎ ልጁን ከዓይናችን ይሸሽግ ነበር። መጸያየፉ የጋራ ነው፤ መሬቱ ግን የአንድ ወገን ነበር። አያቴ ወንዝ ወርዳ በመታጠቧ ማንም ከርስቱ አልተነቀለም። ቡዳ መባላችን ግን ርስት አልባነታችንን የተገባ ቅጣት አስመሰለው።

በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል እስራኤል ስንገባ ይህ ሁሉ የቀረ መስሎን ነበር። የሰፋራዲዎች ዋና ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድነታችንን ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ በ1975 ደግሞ የመመለስ ሕጉ ለእኛም እንዲሠራ መንግሥት ወሰነ። ሆኖም ራባኑቱ፣ ማለትም የእስራኤል ዋና ራቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ ለማግባት የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ ሚቅቬ (የመንጻት ገንዳ) ገብቶ ይነከር አለ። ከአውሮፓ የመጣውን አይሁድ በጅምላ ተነከር ያለው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1985 የእኛ ሰዎች ይህን ተቃውመው ኢየሩሳሌም በራባኑቱ ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀመጡ። እናቴም ከመካከላቸው ነበረች። «ዕድሜዬን ሙሉ ወንዝ ስወርድ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ከምኑ ልጥራ?» ትል ነበር።

ቀጥሎ ነገሩ ነጭ ጋዋን ለብሶ መጣ። ወጣቶቻችን የለገሱትን ደም የደም ባንኩ በኤች አይ ቪ ስጋት ሳይነግራቸው እንደሚደፋው ማሪቭ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በጥር 1996 አጋለጠ። ሺዎች ለተቃውሞ ኢየሩሳሌም ወጡ፤ አባቴም ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ባርካን የተባለው የወይን ጠጅ ፋብሪካ የእኛን ልጆች ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ ማዛወሩ ተሰማ። የኮሸር ማረጋገጫ የሚሰጡት የሐረዲ (የአጥባቂ አይሁድ) ራቢዎች አይሁድነታቸውን ስለተጠራጠሩ ነው። አይሁድ ያልሆነ ሰው የነካው ወይን አይጠጣም የሚል የቆየ ሕግ አለ፤ ጥርጣሬው ግን በቆዳ ቀለም ተመርቶ ሄደ። በወቅቱ የሰፋራዲዎች ዋና ራቢ የነበሩት ይጽሐቅ ዮሴፍ ሳይቀሩ ድርጊቱን አወገዙ።

እስከዚህ ያለውን ለማንም አወራዋለሁ። በቤታችን የሆነውን ግን ከሰው ደብቀነው ኖረናል።

ወንድሜ ከእኛው ማኅበረሰብ የሆነች ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ላከ። እንደ ወጉ ሰባት ቤት ተቆጠረ። ቆጠራው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን አራተኛው ቤት ላይ ሌላ ነገር አገኙ፦ የልጅቷ ቅድመ አያት እናት ባሪያ ነበረች። የተደፋ ደም አንገብግቦት ኢየሩሳሌም የወጣው አባቴ «አጥንቷ አይሆንም» አለ። ወንድሜ አገባት፤ አባታችን ሠርጉ ላይ አልተገኘም።

ያኔ ነው አገር ቤት የነበረውን መጠየቅ የጀመርኩት። ከእኛም ባሪያ የሚገዛ ነበር። የተገዛው ሰው ውሃ ተነክሮ ወደ ሃይማኖታችን ይገባል፤ ያም ሆኖ እሱ ያረደውን ሥጋ «ጨዋ» ነኝ የሚለው አይበላም፤ ልጁንም አይድርለትም። ራባኑቱ ሰዎቻችንን ተነከሩ ሲል እናቴን ያቃጠላት ነገር፣ እኛ ካደረግነው ይሻል ነበር ማለት ነው፤ የተነከረ ቢያንስ ጋብቻ ይፈቀድለት ነበር።

ከዚህ የተማርኩት የንጽሕና ሕግን ሁሉ መጣል አይደለም። ኦሪት ርኩስ ለምትለው ሁሉ ማለት ይቻላል መውጫ ታበጃለች፦ ሰባት ቀን ትቆጥራለህ፣ ትታጠባለህ፣ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ትመለሳለህ። የመርገም ጎጆዋ ከባድ ነበረች፤ ግን የገባባት ይወጣል፤ ከዘር ነቀፋ ግን መውጫ የለም። በባሪያ ዘርነት ወይም በቆዳ ቀለም የተነሳ፣ ሰባት ቤት ሙሉ ቢታጠቡ የማይለቅ እድፍ በኦሪት የለም፤ ጎንደርም ሆነ ኢየሩሳሌም የሠራነው እኛው ነን። አደጋው የኦሪቱ ርኩሰትና የዘር ነቀፋው በአንድ ቃል መጠራታቸው ነው፤ ዘረኛው ሰው ንቀቱን የእግዚአብሔር ትእዛዝ አድርጎ እንዲይዘው የሚያስችለው ይህ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ክርስቲያንም ሁን ሙስሊም ወይም አይሁድ፣ ሽማግሌ ወይም ካህን «እነዚያ አይነኩም፣ ከእነሱ አይጋቡም» ሲልህ፣ ምን ቢያደርጉ እንደሚጠሩ ጠይቀው። መልስ ካጣ ሃይማኖት እያስተማረህ አይደለም። ልጅህንም እንደዚያ አድርገህ አትዳር።