“ቀዩዋን ያየ!” ... የእናቴን ቆርቆሮ የበላች ካርታ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ሦስት ካርታዎች ነው። ማቃጠሉ ግን ከፍቅር አይተናነስም!

ጊዜው 2008 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነው። እኔና ጀለሴ ከጎንደር ተነሥተን፣ ገንዳ ውኃን አልፈን መተማ ዮሐንስ የወረድነው ለሰሊጥ አጨዳ ነበር። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ደርሶ ቶሎ ካልታጨደ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በዚያ ወቅት ከደጋው ሠራተኛ የሚጎርፈው ለዚህ ነው። “ሳሉግ” ይሉናል።

በዚያ ሐሩር ወር ሙሉ ሠርቼ 3,000 ብር ቋጠርኩ። 2,000ው ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ ነበር። ሒሳቤን በተቀበልኩ ማግስት ገበያ ስወጣ አንድ ጎረምሳ ጆንያ አንጥፎ ሦስት ካርታ ያገላብጣል፤ ሁለቱ ጥቁር፣ አንዷ ቀይ። “ቀዩዋን ያየ! መቶ ያስያዘ መቶ ይበላል!” አንዱ አስይዞ በላ። ደገመ፣ አሁንም በላ። እኔም አራዳ ነኝ ብዬ ዘው አልኩ።

የመጀመሪያዋን በላሁ። ከዚያ ተበላሁ፣ ተበላሁ፣ ተበላሁ... አምስቴ በተከታታይ ከተበላሁ በኋላ “አሁንማ ተራው የእኔ ነው” ብዬ መቶውን ሁለት መቶ አደረግኩት። ምን ያደርጋል! አንድ ሰዓት ሳይሞላ 600 ብር ብቻ ቀረኝ።

ነገሩን ያስረዱኝ እዚያው ጥግ ቡና የሚያፈሉ እናት ናቸው። ፊቴን አይተው “ና ልጄ፣ ተቀመጥ” አሉኝ። ሦስት ሲኒ ደፍተው፣ ዓይኔን አስጨፍነው በአንዱ ሥር ሽምብራ ደበቁ። “እስቲ ሠላሳ ጊዜ ገምት። እኔ አላጭበረብርህም።” በከሰል እየጫርኩ ቆጠርኩ፤ 11 ጊዜ አገኘሁ፣ 19 ጊዜ ሳትኩ። “በየጊዜው መቶ ብር ብታስይዝስ ኖሮ?” አሉኝ። 1,100 በልቼ 1,900 ልከፍል ነው፤ የ800 ብር ኪሳራ! ያውም ያለ አንዳች ማጭበርበር።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ዕድሉ ከሦስት አንድ ስለሆነ በ30 ጨዋታ ብታገኙ ወደ 10 ገደማ ነው። ጨዋታው ፍትሐዊ እንዲሆን መቶ ያስያዘ ሁለት መቶ ማትረፍ ነበረበት። በዚያ ላይ ካርታ አዟሪው እጁ ቀልጣፋ ነው፤ ቀዩዋን የጣለ አስመስሎ ጥቁሯን ይጥላል። ያ ሲበላ የነበረው ሰውዬስ? የራሱ ሰው ነበራ!

“ተራዬ ነው” ያልኩትስ? በሳንቲም ሞክሩት። “ጎፈር ወይስ ዘውድ” ብላችሁ ወርውሩ። አምስቴ ጎፈር ቢወጣም ስድስተኛው ያው ግማሽ በግማሽ ነው። ሳንቲም ቂም አይዝም፣ ውለታም አያውቅም።

ከ52 ካርታ እየሳባችሁ ካልመለሳችሁ ግን ነገሩ ይለወጣል። አሶቹ አራት ናቸው፤ አስ የመሳብ ዕድላችሁ ከ13 አንድ ነው። አንዱ ከወጣ በቀሩት 51 ውስጥ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሁለት አስ በተከታታይ የመሳብ ዕድል ከ221 አንድ ይሆናል። ጥያቄው “የወጣው ይመለሳል ወይስ አይመለስም?” ነው። ጆንያው ላይ ግን ሦስቱም በየዙሩ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ተራ ብሎ ነገር የለም።

የሚገርመው፣ ትምህርቱ ራሱ ከቁማር ጋር የተያያዘ ነው። ፓስካልና ፌርማ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1654 እ.ኤ.አ. ደብዳቤ የተጻጻፉት “ጨዋታ ሳያልቅ ቢቋረጥ የተያዘው ገንዘብ እንዴት ይከፈል?” በሚል ጥያቄ ነበር። ፕሮባብሊቲ የሚባለው ትምህርት ከዚያ ወዲህ ነው የተስፋፋው። እኔ ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩኝ አንቀላፍቼ፣ መተማ ላይ በ2,400 ብር ገዛሁት!

እናንተ የከተማ ልጆች “እኛ ፋራ አይደለንም” ትሉ ይሆናል። በኳስ ውርርድ “አምስቴ ከሸፈብኝ፣ ስድስተኛው አይቀርልኝም” የምትሉስ? ያው የኔው ጆንያ ነው። ገንዘብ ከማስያዛችሁ በፊት ሦስት ሲኒና አንድ ሽምብራ ይዛችሁ ቤታችሁ ቁጭ በሉ። ሠላሳ ጊዜ ሞክሩ፣ ጻፉ፣ ደምሩ።

ቆርቆሮውን የገዛሁት በቀጣዩ ዓመት ነው። እናቴ አንድ ሙሉ ክረምት በሚያፈስ ጣራ ሥር አሳለፈች። ገንዘቡ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ቸር ይግጠመን!