ቀለብ ስለ መስፈር

የቤት ቀለብ መስፈር የእመቤቲቱ ሥራ ነው፤ ባለቤትዮው ገንዘቡን አምጥቶ ከሰጠ ወዲያ ወደ ጓዳ ማየት አይገባውም ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተን አድገናል። እኛም ይህንኑ ቃል እንደ ሕግ ይዘን፥ በጋምቤላ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንኖር፥ በየወሩ መጨረሻ ደመወዛችንን ተቀብለን እኩሌታውን ለባለቤታችን ከሰጠን በኋላ የቀረውን በኪሳችን እያኖርን ብዙ ዓመት አሳለፍን። የሰውን ክርክር በቀንና በቁጥር ለይተን መዝግበን የምናኖር ሰዎች ስንሆን፥ በገዛ ቤታችን ጤፉ በስንተኛው ቀን እንደሚያልቅ አናውቅም ነበር።

ደመወዝ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ ይጠራል፤ ሥጋ ይገዛል፤ ቡናው ይደጋገማል። በሁለተኛው ሳምንት ሥጋው ቀርቶ ምስርና ክክ ይመጣል። በሦስተኛው ሽሮ ብቻ ይሆናል። በአራተኛው ደግሞ ያው ሽሮ እየቀጠነ ይሄዳል። አንድ ማታ ታናሹ ልጃችን እንጀራውን አጥቅሶ ካየው በኋላ፥ «አባባ፥ ይህ ሽሮ ነው ወይስ ባሮ?» ብሎ ጠየቀን። በክረምት ባሮ ደፍርሶ ሲወርድ ያየ ሰው ልጁ አለመሳሳቱን ያውቃል። እኛ ሣቅን፤ ባለቤታችን ግን አልሣቀችም።

ቀለብን አስቀድሞ ማሰብ አልተማርንም ለማለት አንችልም። የቆሎ ተማሪ ሳለን በየደጁ ለምነን ያገኘነውን ቁራሽ ሁሉ በዕለቱ አንበላውም ነበር፤ የተረፈውን በፀሐይ አድርቀን ኮቾሮ እናደርገውና፥ ዝናሙ ጸንቶ ከጎጆ መውጣት በማይቻልበት ቀን በውሃ እያራስን እንበላው ነበር። ኮቾሮውን በሐምሌ የጨረሰ ልጅ በነሐሴ ዳዊቱን በባዶ ሆዱ ይደግም ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ፥ በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰባቱ ቀን ምግብ በወረቀት ተጽፎ ተለጥፎ አገኘን፤ ሰኞ ባቄላ፥ ማክሰኞ ጎመን፥ ሐሙስ ድንች እያለ ይወርዳል። ሰው በሐሙስ የሚያምረውን በሰኞ እንዴት ያውቃል ብለን እንደ እብደት ቆጠርነው። ነገር ግን በዚያ ቤት በኖርንበት ዘመን ሁሉ እራት የጎደለበትን ማታ አናስታውስም። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩንን ነገር እንግዲህ ደመወዝ አስረሳን ማለት ነው።

ጋምቤላ ደግሞ ሳያስቡ የሚኖሩበት አገር አይደለም። ሙቀቱ ብርቱ ስለ ሆነ ሊጡ ቶሎ ይቦካል፤ የተጋገረውም እንጀራ በደጋ እንደሚቆየው ሳይቆይ ይሻግታል። ስለዚህ በአገራችን በደጋው እንደ ለመድነው ብዙ ጋግሮ በሞሶብ ከድኖ ማኖር አይሆንም። ጤፉም ከደጋ በመኪና የሚወርድ ስለ ሆነ፥ መንገዱ በተበላሸ ጊዜ ዋጋው ይወጣል። የአገሩ ሰዎች ግን አኝዋኩ በወንዝ ዳር በቆሎውንና ማሽላውን ዘርቶ፥ ኑዌሩም ከብቱን ይዞ፥ ወተቱና ዓሣው የሚበዛበትንና የሚያንስበትን ወራት ለይቶ ያውቃል። ከደጋ የወረድን ባለደመወዞች ብቻ ዓመቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለናል።

የከተማይቱም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል፥ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ተፈቀደ፤ ጋምቤላም በዚህ ምክንያት የንግድ ከተማ ሆነች። ከሱዳን የሚመጣው መርከብ የሚደርሰው ወንዙ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ብቻ ስለ ነበረ፥ ጨው የሚያስመጣውና ቡና የሚልከው ነጋዴ የዓመቱን ጉዳይ በጥቂት ወር ውስጥ ማሰናዳት ነበረበት። ውሃው ከጎደለ በኋላ የነቃ ነጋዴ እስከሚመጣው ክረምት ድረስ ቁጭ ብሎ ወንዙን ማየት ነው። እኛም በየወሩ በሃያኛው ቀን ልክ እንደዚያ ነጋዴ ነበርን።

ዓይናችንን የገለጠልን ግን ታሪክ ሳይሆን ኩሌ ነው። ኩሌ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ፥ ነፍሳቸውን ለማዳን ድንበር ለተሻገሩ ሰዎች በዚያው ዓመት ተከፈተ፤ ከነዋሪዎቹም የሚበዙት ኑዌሮች ናቸው፥ ከእነርሱም ሴቶችና ሕፃናት ይበልጣሉ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ለአንድ ጉዳይ የምስክር ቃል ለመጻፍ ወደዚያ ወረድን። ጉዳዩ ምን እንደ ነበረ በዚህ መግለጥ አይገባንም። ምስክርዋ አምስት ልጆች ያሏት እናት ነበረች፤ ዳኛው እስኪደርሱ ድረስም ከጎጆዋ ደጅ በጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጠብቅ፥ በማለዳ የተቀበለችውን ቀለብ ስትሰፍር አየናት።

በመጠለያው የሚታደለው እህል፥ የአተር ክክ፥ ዘይትና ጨው ነው። ሙሉ ቀለብ የሚባለው ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ያህል የሚሰጥ ሲሆን፥ በዚያ ወራት የሚሰፈረው ከዚህ ልክ ያነሰ ነበረ። ሴቲቱ ጆንያውን ፈትታ በባዶ የዘይት ጣሳ እየሰፈረች ጥቂቱን ለብቻ አኖረች። ይህ ምንድን ነው ብለን በአስተርጓሚ ብናስጠይቃት፥ የወፍጮ ነው አለች። እህሉ የሚታደለው ሳይፈጭ ስለ ሆነ ለማስፈጨት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡም የሚገኘው ያንኑ እህል በመሸጥ ነው። ቀጥላ ሌላ ክምር ለየች፤ ይህ ለሳሙናና ለማገዶ ነው። ሦስተኛውን በትንሽ ማሰሮ አድርጋ አፉን በጨርቅ አሰረችና ወደ ውስጥ አስገብታ ሸሸገችው። የቀረውን ለየቀኑ ስንት ጣሳ እንደሚደርስ ቆጥራ ከጨረሰች በኋላ፥ በጎጆዋ የጭቃ ግድግዳ ላይ በከሰል ሠላሳ ጭረት ጫረች። ማታ ማታ ልጆቿ ከበሉ በኋላ አንዱን ጭረት በጣቷ ታጠፋዋለች። ከአንዳንዱ ጭረት አጠገብ ነጥብ አለ፤ ይህም ኮፕ የሚበላበት ቀን ነው፥ ኮፕ የሚባለው ኑዌሮች ዱቄቱን በጥቂት ውሃ እያሹ አድቅቀው በእንፋሎት የሚያበስሉት ምግብ ነው። ነጥብ የሌለው ቀን የገንፎ ቀን ነው። ከጎጆዋም ጀርባ ባሚያና ኩድራ የሚሉትን ቅጠል ተክላለች።

እኛ በመሥሪያ ቤታችን ቁም ሣጥን ሙሉ መዝገብ እያለን ያልጻፍነውን እርስዋ በአንድ ቁራጭ ከሰል ስትጽፈው ተመለከትን። ነገር ግን የጸሐፊ ልማድ አልለቀን ብሎ ጉድለት ፈለግን። እንግዳ በመጣ ጊዜስ ከየትኛው ጭረት ይቀነሳል ብለን አስጠየቅናት። እንግዳ ጭረት የለውም፥ ይበላል ግን፥ አለች። እንግዲያው ሒሳቡ እንዴት ይገጥማል አልን። ሴቲቱ ዝም አለች። አስተርጓሚያችን እርሱ ራሱ የኑዌር ልጅ ነውና ጥያቄያችንን እንኳ ሳይመልስላት፥ «ይህ እኮ የታወቀ ነው፤ ያበሰለችው ትቀራለች» አለን።

ያን ቀን ወደ ጋምቤላ ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ከማንም ጋር አልተነጋገርንም። ባለቤታችን በወሩ መጨረሻ ሳምንት ገበታ ላይ ስትቀመጥ በዓይነ ልቡናችን ልናያት ሞከርን፥ ሊታየን ግን አልቻለም። «ሳበስል ስቀምስ ጠገብሁ» ትላለች፤ «ቅድም ከልጆቹ ጋር በልቻለሁ» ትላለች፤ ቡና ልታፈላ ትነሣለች። ቀኑ ግንቦት 22 ነበረ። ማታ ገበታው በቀረበ ጊዜ አብረሽን ብዪ ብንላት፥ እንደ ልማዷ በልቻለሁ አለች። ምን በላሽ አልናት። ለዚህ የተሰናዳ መልስ አልነበራትም። በችሎት ምስክር ቃሉን ሲለዋውጥ ስንት ጊዜ አይተን እንይዘው ነበር፤ የባለቤታችንን የሐሰት ምስክርነት ግን ስንት ዓመት እውነት ነው ብለን መዝግበነዋል።

«አንተ ደመወዙን ትቆጥራለህ እንጂ ማሰሮውን ቆጥረህ አታውቅም» አለችን፤ ከዚህ በላይ ምንም አልተናገረችም።

ሰኔ በገባ ጊዜ ወፍራም ደብተር ገዝተን እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ዐምድ አሰመርንለት። የመጀመሪያው ድካማችን ያስቃል። ሠላሳውን ቀን ሁሉ በየምግቡ መድበን፥ ማክሰኞ ምስር፥ ሐሙስ ዓሣ እያልን በጥሩ ጽሕፈት ጻፍነው። ባለቤታችን አንብባ፥ ሐሙስ ዓሣ እንደሚወጣ ለባሮ ማን ይነግረዋል አለች። በእውነትም በዚያ ሐሙስ ዓሣ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ብዕሩን ለእርስዋ ለቀቅን። እርስዋ የጀመረችው ከቀኑ አይደለም፥ ቶሎ ከሚበላሸው ነገር ነው፤ ቲማቲሙና ጎመኑ በተገዙ በሁለትና በሦስት ቀን ይበላሉ፥ ድንቹና ሽንኩርቱ ይከተላሉ፥ ምስሩና ሽሮው የማይበላሹ ስለ ሆኑ ወደ ኋላ ይቆያሉ። በርበሬውና ሽሮው በበጋ ተሰናድተው ለዓመት የሚቀመጡ ናቸውና ከወሩ ሒሳብ ውጭ በሌላ ገጽ ተጻፉ። እንጀራው ጥቂት ጥቂት እየሆነ በየሁለት ቀኑ ይጋገራል፤ ሳይሻግት የተረፈው በፀሐይ ተዘርግቶ ድርቆሽ ይሆናል። ድርቆሽን እስከዚያ ቀን ድረስ የመንገደኛ ስንቅ ብቻ አድርገን እንቆጥረው ነበር፥ የኮቾሮ ታላቅ እኅት መሆኗን ዘንግተን።

ረቡዕና ዓርብ፥ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ የፍልሰታ 15 ቀን አስቀድመው የታወቁ ስለ ሆኑ፥ የዓመቱን ገበታ ብዙውን ክፍል ቤተ ክርስቲያን ጽፋ ሰጥታናለች ማለት ይቻላል። ያስቸገረን የእንግዳው ዐምድ ነው። እኛ ዮሴፍ በግብፅ አምስተኛውን እጅ እንዳስቀመጠ እናድርግ አልን፤ ብንሞክረው በሁለተኛው ሳምንት ፈረሰ፥ ከጸሐፊ ደመወዝ አምስተኛ እጅ አይወጣምና። በዐሥረኛው ተስማማን። ሥጋ ተገዝቶ እንግዳ የሚጠራበትንም ቀን ከመጀመሪያው ሳምንት ወደ ወሩ እኩሌታ አዛወርነው፤ በዚህ ነገር ከወዳጆቻችን አንዳንዶቹ ቅር ተሰኝተውብናል፥ ለምን እንደ ሆነ ገና አልነገርናቸውም።

በሐምሌ ለዚያው ጉዳይ እንደ ገና ወደ ኩሌ ወረድን። በደብተራችን ጥቂት ኰርተን ስለ ነበረ ለሴቲቱ ልናሳያት በቦርሳ ይዘነው ሄድን። ግድግዳዋ ላይ ጭረት አልነበረም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት፥ እርዳታው ከታሰበለት ሰው ውጭ እየዋለ ነው የሚል ነገር ስለ ተገኘ፥ በኢትዮጵያ የምግብ እደላውን አቁመው ነበር፤ ማቋረጡም በመጠለያ የሚኖሩትን ስደተኞች ጭምር ያዘ። ያ አፉ በጨርቅ የታሰረው ማሰሮ ዐሥራ አንድ ቀን አቆያቸው። ከዚያ በኋላ የኩድራው ቅጠል፥ ከዱርም የሚለቀም ቅጠል፥ እንጨት ለቅማ በሸጠች ቀን ደግሞ ጥቂት ዱቄት። ታላቂቱን ልጇን ወደ ዘመዶቿ ልካታለች። ጭረቱስ ብለን ብናስጠይቃት፥ ጭረት የሚጫረው ላለ ነገር ነው አለች። ደብተሩን ከቦርሳችን አላወጣነውም።

ከዚያ ቀን በፊት ችግረኛ ሰው ቢቆጥብና ቢያስብ ኖሮ አይራብም ነበር የሚል ንግግር በመሥሪያ ቤትም በሰንበቴም ስንሰማ ራሳችንን እየነቀነቅን እንቀበል ነበር። ከእኛ መካከል እንደዚያች ሴት እህሉን በጣሳ የሚሰፍር አንድ ሰው አናውቅም፤ እርስዋ ግን ተራበች። እደላው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ለስደተኞቹ እንደ ገና ተጀመረ። ያን ጊዜ ግድግዳዋን አላየነውም፥ ጉዳዩ በችሎት ተዘግቶ ነበርና።

በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ለባለደመወዝ ጳጉሜን ደመወዝ የሌላት ወር መሆኗ የታወቀ ነው፤ ማግሥቱ ደግሞ ዕንቍጣጣሽ ነው፥ ዶሮና ቅቤ ይፈልጋል። ከሰኔ ጀምሮ ከየወሩ ያስቀረነው ጥቂት ነበረ፤ ቢሆንም አምስቱን ቀን አሳለፈን፥ ስድስተኛውን ቀን በድርቆሽ ፍርፍር አሳለፍነው። ለዶሮው ተበድረናል፤ ይህንንም በደብተሩ ጽፈነዋል።

በደብተሩ ላይ ከወጪው ዐምድ ቀጥሎ የቤተ ሰቡ ስም ተጽፎ፥ ማታ የበላ ሰው በስሙ ትይዩ ምልክት ይደረግበታል። ይህን ያሰመርነው እኛ ነን። ባለቤታችን አልወደደችውም፤ «ቤቴን ችሎት አደረግኸው» አለችን። እኛም ምልክቱን ራሷ እንድታደርግ ተውንላት፤ በአንዳንድ ማታ ግን ምልክቱ ከመደረጉ በፊት ሳህኗን እናያለን፥ እርስዋም ስናይ ታየናለች።

አሁን ይህን ስንጽፍ ወሩ በገባ 23ኛው ቀን ነው። ሽንኩርት አልቋል። ዘይቱ ይበቃል። ጤፉን ዛሬ ማታ ሰፍረን ነበር፤ ሰባት ቀን ቀርቶ ሳለ ለስድስት ቀን የሚሆን ብቻ ተገኘ። ባለቤታችን በዚያች በአንዲቱ ቀን የበቆሎ ገንፎ ይሁን ትላለች፤ ልጆቹ ድርቆሹ ይሁን ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ዓሣ ቢወጣ ብለን ወደ ባሮ እንመለከታለን። ገና አልተስማማንም።